ነፋስ የወሰደው ክዳናችን

ሰው ያለፈ ዘመኑን የሚያስታውሰው በዘፈን ነው ይላሉ። እኔን የሚያስታውሰኝ ቆርቆሮ ነው፤ ምን ላድርግ? ባለፈው ከገበያ ስመለስ አንድ የሕንፃ ዕቃ መደብር በር ላይ ከአይሱዙ ቆርቆሮ ያወርዳሉ። አዲስ ቆርቆሮ ሽታ አለው፤ ዘይት ዘይት የሚል፣ ቀዝቃዛ ሽታ። አፍንጫዬን ሲመታኝ ሽንኩርቴን በዘንቢል እንደያዝሁ ቀጥ ብዬ ቆምሁ። «እማማ፣ ከመኪናው ራቅ ይበሉ እንጂ!» አለኝ አንዱ ተሸካሚ። ራቅ አልሁ። እግሬ ነው የራቀው፤ ልቤማ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር፣ ከድሮው ቤታችን ገብቶ፣ አራስ አልጋ ላይ ተጋድሞ ሽቅብ ሰማይ ያያል።

ያን ጊዜ ባሕር ዳር ሳይክልና ዘንባባ ነበረች። የፋብሪካው ጡሩምባ ሲነፋ ፈረቃ የሚቀይረው ሠራተኛ መንገዱን ይሞላዋል፤ ከአሥመራ የመጣ አለ፣ ከሐረር የመጣ አለ፣ ከወለጋ የመጣ አለ፣ እኛ የአገሬው ልጆችም አለን። ወንዶቹ ታቹ እንደ ደወል የሰፋ ሱሪ ለብሰው፣ ጎፈሬያቸውን በሚዶ ነፍተው፣ ሳይክላቸውን በአንድ እጅ ይነዳሉ። እኛ ሴቶቹ ናይለን ሻሻችንን አገጫችን ሥር እናስርና ኮንጎ ጫማችንን እያንቋቋን እንከተላለን። ዓሣ ከታንኳው ላይ በስሙኒ ይገዛ ነበር። ስሙኒ ስል የዛሬ ልጆች ትሥቃላችሁ፤ ሣቁ፣ በስሙኒ ግን ዓሣ በልቻለሁ። ሬዲዮኑ ማርሽ ማርሽ ሲል ይውልና ማታ ማታ ለስለስ ያለ የዘፈን ምርጫ ያሰማን ነበር፤ ያኔ ሁሉም በየቤቱ ድምፁን ከፍ ያደርግና መንደሩ በአንድ ዘፋኝ ይሞላል። ስኳርና ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ በራሽን ነው። ቆርቆሮ ግን ከስኳር የባሰ ነበር። ብር ቢኖርህ እንኳ ወረፋና ፈቃድ ከሌለህ ቆርቆሮ በዓይንህ አታይም።

እኔ ፈትል ክፍል፣ ባሌ ቶሎሳ ጥገና ክፍል ነበርን። ቶሎሳ የነቀምቴ ልጅ ነው፤ ዝምተኛ፣ ነገር የማይወድ ሰው። እኔ ደግሞ ስለ ሁለታችንም እናገርለታለሁ። ዛሬም እንደዚያው ነን፣ አሁን እንኳ ይህን ስናገር ከጎኔ ተቀምጦ «አታጋኚ፣ የሺ» ይለኛል። ከሠራተኛው ጋር በማኅበር ተደራጅተን፣ ከባንክ ተበድረን፣ ሁለት ክፍል ቤት ሠራን። ባንኩ ታዲያ ብድሩን የሚሰጠው ቤቱ መድን ከተገባለት ነው። ኢንሹራንስ ማለት ነው። የመድኑ ክፍያ በመጣ ቁጥር ቤታችን ጠብ ነው። «ቤቴን እግዜር ይጠብቀዋል፣ ላልመጣ መከራ ምን አስገበረኝ?» እለዋለሁ። እሱም ሳይክሉን አንሥቶ ሄዶ ይከፍላል።

የበኩር ልጃችንን ዳዊትን በሚያዝያ ወለድሁ። ገና ሳምንት እንዳለፈኝ፣ ከቀትር በኋላ፣ ጣና ጸጥ አለ። ያንን ጸጥታ የሐይቅ ዳር ሰው ያውቀዋል፣ አይወደውም። ጎረቤቴ እትዬ ብርቄ አጥሚት ይዘውልኝ መጥተው ነበር። እትዬ ብርቄ ባል የሞተባቸው፣ ዶሮና እንቁላል ሸጠው የሚያድሩ፣ አፋቸው የማያርፍ፣ ልባቸው ወርቅ የሆነ ሴት ነበሩ። «ሰማዩ አላማረኝም» እያሉ መስኮት ሊዘጉ ሲነሡ ነፋሱ ደረሰ። ቆርቆሮው አንዴ አቃሰተ። ከዚያ ሚስማሩ ጠሽ! ጠሽ! እያለ ይነቀል ጀመር። «ኪዳነ ምሕረት! ኪዳነ ምሕረት ድረሽ!» ብለው እትዬ ብርቄ እኔና ሕፃኑ ላይ በሙሉ ሰውነታቸው ወደቁብን። አጥሚቱ አንገቴ ላይ ፈሰሰ። በእሳቸው ብብት ሥር አጮልቄ ሳይ ቆርቆሯችን አንድ በአንድ እየተገለጠ እንደ ወረቀት ይበራል። ወዲያው ቤቱ ውስጥ ብርሃን ሆነ። ያ ብርሃን ነው ያስፈራኝ፤ ቤት ውስጥ ያን ያህል ብርሃን አይቼ አላውቅም።

ነፋሱ የልቡን አድርሶ ዞር ሲል ክዳን የቀረው በአልጋዬ በኩል ያለው ጥግ ብቻ ነበር። ቶሎሳ ከፋብሪካ በሳይክል እየበረረ መጣ። መጀመሪያ እኛን ዳሰሰን፣ ከዚያ ቀና ብሎ «ያ ዋቃ!» ብሎ በአገሩ ቋንቋ አምላኩን ጠራና በሩ ላይ ተቀመጠ። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። አንዱ «ወደ እኛ ቤት እንውሰዳት» ቢል እትዬ ብርቄ ገሠጹት፤ «አራስ ክርስትና ሳታስነሣ ከቤቷ ትወጣለች እንዴ? ምነው ሸዋ! ቤቱን ሥሩላት እንጂ!» ቶሎሳ ፈራ ተባ እያለ «መጀመሪያ መድን መሥሪያ ቤቱ ሄጄ ባመለክትስ?» አለ። «የአንተ መድን መድኃኔ ዓለም ነው! ሚስማር አምጣ!» አሉት። ሰውም ሣቀ። ሣቁ ግን በኋላ ዋጋ አስከፍሎናል።

ሚስማሩስ ተገኘ፣ ቆርቆሮው ከየት ይምጣ? በአጥር የምንጎራበታቸው ሐጂ ሰዒድ ነበሩ፤ አባታቸው ከወረታ መጥተው ባሕር ዳር የሰፈሩ፣ ጨውና አቡጀዲ ነጋዴ። ልጃቸው ዘሃራ ታጭታለች። ለእሷም በግቢያቸው ውስጥ የጭቃ ቤት አቁመውላት፣ ማገሩ ተማግሮ፣ ምርጊቱ ተመርጎ፣ ክዳን ብቻ ቀርቶት ነበር። ቆርቆሮውን ወረፋ ጠብቀው፣ ደጅ ጠንተው፣ በስንት መከራ አግኝተው ከመጋዘናቸው ደርድረውታል። ሐጂ መጋዘኑን ከፈቱና «አውጡት» አሉ። ቶሎሳ «አይሆንም ሐጂ፣ የዘሃራ ነው» ቢል «ሕፃን ዝናብ ሊመታው ነው፣ አንተ የዘሃራ ትላለህ? ግድ የለም፣ የሷ ጭቃ ገና አልደረቀም» አሉት። ማግሥቱን ደቦ ወጣ። ክርስቲያኑም እስላሙም፣ የፋብሪካውም የመንደሩም፣ ጣራ ላይ እንደ ዝንጀሮ ተሰቅሎ ሲቀጠቅጥ ዋለ። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ጆሮዬን ይዤ ሳለቅስ፣ ስሥቅ፣ ሳለቅስ ዋልሁ። ማታ ላይ ክዳናችን ከድሮው አምሮ ያብረቀርቃል። የደቦ ሰው ጠጥቶ ይሄዳል እንጂ ባዶውን አይሸኝም፤ እኛ ግን ጌሾም ብቅልም አልነበረንም። ቶሎሳ አፍሮ፣ ነፋሱ አጣሞ የጣለውን አሮጌ ቆርቆሮ እያነሣ «ለአጥርም ለምንም ይሆናችኋል» እያለ ለየሰዉ አደለው። ሰውም መርቆን ሄደ።

መድን መሥሪያ ቤቱ ላመለከትነው መልስ የሚሰጥ ጉዳት ገማች ሰው የላከው ከስንት ቀን በኋላ ነው። አሁን ዳዊት፣ ያ የአራስ ቤት ልጄ፣ ባለፈው ክረምት በረዶ የመኪናውን መስተዋት ሲሰብርበት በስልኩ ቀጭ ቀጭ አድርጎ ፎቶ ላከና ሻይ ሳይጠጣ ጉዳዩን ጨረሰ። «በእናንተ ጊዜስ?» ይለኛል። በእኛ ጊዜማ ሰው ነው የሚመጣው፣ ከነቦርሳው። ጓድ ንጉሤ ይባላል፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ቀጭን ወጣት፣ ሸሚዙ ኮሌታው ትከሻውን የሚያለብስ። ግቢው መሐል ቆሞ ወደ ላይ አየ። ዞረና እንደገና አየ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሁሉንም እሰማለሁ።

«ጓድ ቶሎሳ፣ ይቅርታ፣ ጉዳቱ የትኛው ቤት ላይ ነው የደረሰው?»

«ይኼው ቤት ነው።»

«ይኼ እኮ ከሰፈሩ ሁሉ አዲስ ክዳን ያለው ቤት ነው!»

«ሠርተነው ነዋ።»

«ሳይታይ? ማን ፈቀደላችሁ? እኔ ያላየሁትን ነገር ከጻፍኩ ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ባይሆን አሮጌው ቆርቆሮ የታለ?»

ቶሎሳ ለሰው ማደሉን እንዴት ይናገር? እኔ ግን አላስቻለኝም። «የኔ ወንድም!» አልሁ በመጋረጃው ውስጥ ጮኼ፣ «አንተ እስክትመጣ እኔ ከነሕፃኔ ሰማይ ሥር ልቆይልህ ነበር?» ደነገጠ መሰለኝ። «እመት... አራስ መኖርዎን አላወቅሁም፣ እንኳን ማርያም ማረችዎት» አለ። «ማርያምስ ማረችኝ፣ አንተ ነህ የቀረህ!» አልሁት። ሣቀ እንጂ ነገሩ አልተፈታም። አሮጌው ቆርቆሮ በሕጉ የድርጅቱ ነው አለ፤ ካሳ ከተከፈለ ቅሪቱን ድርጅቱ ይወስደዋል። ቆርቆሮው ካልታየ ደግሞ ክዳኑ በነፋስ ይሂድ፣ ቶሎሳ ራሱ ነቅሎ ይሽጠው፣ በምን ያውቃል? «ማታ ተመልሼ ወደ ጎንደር አልፋለሁ፣ እስከዚያ የምታሳዩኝ ነገር ካለ አሳዩኝ» ብሎ ለምሳ ሄደ።

ያኔ ነው የፈራሁት። ለራሴ አይደለም፤ እኔማ ክዳን አለኝ። በመስኮቴ በኩል የዘሃራ ቤት ይታየኛል፤ ቀጥ ያለ፣ በጥሩ ጭድ የተቦካ፣ ራሱ ግን ባዶ የሆነ የጭቃ ግድግዳ። ክረምት ሲገባ ራሱ ያልተከደነ ጭቃ ምን እንደሚሆን ማንም ያውቃል። ካሳ ካልመጣ፣ ከካሳው ጋር የቆርቆሮ መግዣው ፈቃድ ካልመጣ፣ የዘሃራ ቤት ቀልጦ ሜዳ ሊሆን ነው። ሐጂ አንድ ቀን «ቆርቆሮዬን» ብለውን አያውቁም። ቢሉን ይቀለኝ ነበር።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት እንግዲህ እኛ ነን። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ወጡ። ከበር በር «የየሺን ቆርቆሮ! የየሺን ቆርቆሮ መልሱ!» ሲሉ ድምፃቸው ከሐይቁ ዳር ይሰማኛል። ምሳው ሳይበርድ ሰው መምጣት ጀመረ። አንዱ የአጥሩን፣ አንዷ የማድቤቷን፣ አንዱ ዓሣ አድራቂ ከነሽታው፣ ጓዳ የሠራበት ጓዳውን አፍርሶ፣ ሁሉም የተጣመመ ቆርቆሮውን ራሱ ላይ ተሸክሞ ገባ። ቶሎሳ እየተቀበለ ግቢው ላይ እንደ ጣራው አምሳል ደረደረው። ጓድ ንጉሤ ሲመለስ ግቢው በሰውና በቆርቆሮ ሞልቶ መግቢያ አጣ። ጎንበስ ብሎ እያንዳንዱን አገላበጠ። ቆርቆሮው በየሚስማሩ ቀዳዳ ዙሪያ ተቦድሶ ተቀዷል። «ሰው ቢነቅለው ሚስማሩ ይወጣል እንጂ ቆርቆሮው እንዲህ አይቀደድም» አለ ለራሱ። ልቤ ትንሽ ተመለሰ።

«እዚህና እዚያ ጋ ግን ሁለት ይጎድላል» አለ።

አንዱ ጎዶሎ የት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ ከአጥራችን ማዶ የቀበሌው ጥበቃዎች የሚያድሩበት ጎጆ ላይ ነው። እሱን መልሱ ሊል የደፈረ የለም። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ሲያይ ጓድ ንጉሤ ወደ ጎጆው አንዴ ቀና አለና «እሱ ታይቷል» ብሎ አለፈ። ከአዲስ አበባ መጣ እንጂ የዚያው የኛው ዘመን ሰው ነበር።

«ሌላኛውስ?»

«ሌላኛው እኔ ጋ ነው» አሉ እትዬ ብርቄ። መንደሩን ሁሉ ሲያስገፍፉ የራሳቸውን አላመጡም ለካ! «አላፈርሰውም። ዶሮዬ እንቁላል ታቅፋበታለች። ከተነሣች እንቁላሉ ይበላሻል። እሷም እኮ አራስ ልትሆን ነው!»

«እትዬ፣ ግን ላየው ይገባል...»

«እግር የለህም? መጥተህ እያት!»

ሄደ። ምን ያድርግ? ሸሚዙን ሰብስቦ፣ ቦርሳውን ለቶሎሳ አስይዞ፣ እትዬ ብርቄ ጓሮ ተንበርክኮ የዶሮ ቤት ክዳን መረመረ። ዶሮዋ ታዲያ አልራራችለትም፣ እጁን ነቆረችው። መንደሩ በሣቅ ፈረሰ። አራስ ቤት ተኝቼ ይህን ማየት አለመቻሌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ቶሎሳ ግን «አልነቆረችውም፣ ልትነቁረው ፈለገች እንጂ» ይላል፤ እሱን አትስሙት።

እጁን እየጠረገ ሲመለስ ግን ፊቱ ጠቆር ብሎ ነበር። «ጉዳቱ የነፋስ መሆኑን አምኛለሁ። ካሳውም እንዲከፈል፣ የቆርቆሮ መግዣ ፈቃድም እንዲጻፍላችሁ አሳስባለሁ። ቅሪቱ ግን ተጭኖ ወደ ድርጅቱ መጋዘን ይሄዳል።» አጥሩን ያፈረሰ፣ ማድቤቱን የገለጠ ቆሞ ያየዋል። «እንግዲያው» አሉ እትዬ ብርቄ፣ «ዶሮዋንም ጨምረህ ጫናት።» ጓድ ንጉሤ መጀመሪያ ለመቆጣት ሞከረ፤ አልሆነለትም። እንባው እስኪመጣ ሣቀና ብዕሩን አወጣ። «ቅሪቱ ተጣሞ ለመጓጓዣ እንኳ ዋጋ የሌለው ሆኖ ተገኝቷል» ብሎ እየጻፈ ጮክ ብሎ አነበበልን። «በሉ፣ ሁላችሁም ቆርቆሯችሁን ይዛችሁ ወደየቤታችሁ ግቡ!» እልልታው ቀለጠ። ሰውየውን እናቱ ትባረክ፤ የት ይሁን ዛሬ? ባገኘው እጁን እስመው ነበር።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ግንቦት አለቀ። ዳዊት ክርስትና ተነሣ፣ እኔም ከቤት ወጣሁ። ቶሎሳ መድን መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ሳይክሉን ማቆም ልማዱ ሆነ፤ መልሱ ሁልጊዜ «በሂደት ላይ ነው» ነው። በሰኔ መጀመሪያ ከሐይቁ ማዶ ደመናው እየከበደ፣ በየቀትሩ ማጉረምረም ጀመረ። ሐጂ ሰዒድ የዘሃራን ግድግዳ አናት በሰሌንና በደንገል ሸፈኑት። አንድ ሌሊት ያካፋው ዝናብ ደንገሉን አልፎ አንዱን ጥግ ሸረሸረው። ጠዋት በአጥሩ ላይ ሳያቸው በእጃቸው ጭቃ ዝቀው ይለጥፋሉ። «ሐጂ፣ የእኛን እንነቅለው፣ ልጁ እንደሁ ጠንክሯል» አልኋቸው። «ሥራሽን ሥሪ፣ ልጄ! ከሰው ራስ ላይ ክዳን ነቅዬ የልጄን ሠርግ ልደግስ?» ብለው ተቆጡኝ። ዘሃራ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ፊቷን ሳየው እህል ከአፌ አልገባም።

በዚያው ሳምንት መጨረሻ ቶሎሳ፣ ያ ዝምተኛው ሰውዬ፣ ከመንገዱ ጫፍ ጀምሮ ስሜን እየጠራ መጣ። ከኋላው የጭነት መኪና አለ፤ ላዩ ላይ አዲስ ቆርቆሮ። እኔ ልጄን እንዳዘልሁ ወደ ሐጂ አጥር ሮጥሁ። ጡሩምባ የነፋልን ያለ ይመስል ያ የደቦ ሰው ሁሉ ተመልሶ መጣ፤ ማንም አልጠራውም። ደመናው ራሳችን ላይ ወርዷል፣ ነፋሱ ዝናብ ዝናብ ይሸታል። እነ ቶሎሳ የዘሃራ ቤት ላይ ወጥተው ይቸነክራሉ፣ እትዬ ብርቄ ከታች «ፍጠኑ! ፍጠኑ!» ይላሉ፣ ሐጂ ቆርቆሮ እያቀበሉ ከንፈራቸው ዱዓ ያደርጋል። የመጨረሻው ቆርቆሮ ገብቶ ሚስማሩ ሲመታ ዝናቡ ወረደ። ዝናብ ብቻ አይደለም፣ የጣና ዝናብ! ጣራ ላይ የነበሩት እየተንሸራተቱ ወርደው ገቡ፤ ሁላችንም በዚያች ባዶ ቤት ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጣብበን ቆምን። ከድምፁ የተነሣ መነጋገር አይቻልም ነበር።

ዘሃራ ብቻዋን ግድግዳውን እየተከተለች፣ በመዳፏ ከጥግ እስከ ጥግ ዳሰሰችው። ዞራ መዳፏን ለአባቷ አሳየቻቸው፤ ደረቅ ነው። ያን ጊዜ ሐጂ ሰዒድ፣ ጠንካራው ሰው፣ መሬቱ ላይ ቁጭ አሉና ፊታቸውን በጥምጣማቸው ጫፍ ሸፍነው አለቀሱ። ጎንበስ ብዬ ትከሻቸውን ስይዛቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ፈርቼ ነበር የሺ፣ በጣም ፈርቼ ነበር» አሉኝ። «እኔም» አልኋቸው፣ «እኔም ሐጂ!» አብረን አለቀስን። ከላያችን ያ ሁሉ ዝናብ ይወርዳል፣ አንድም ጠብታ አልገባ።